በግራ በኩል የቆመው ሰው

ማክሰኞ፣ ጥር 6

ዛሬ ሦስት የድልድይ ምሰሶ ጉድጓድ። ሁለቱ አሥራ ስምንት ሜትር፣ አንዱ አሥራ ስድስት ላይ ድንጋይ ገጠመውና ቆመ። ለቢሮ የሚሰጠው ይኼ ነው። የቀረው የራሴ... ከደብተሩ ጀርባ ጀምሬ ስለምጽፍ ማንም ወደዚህ አይገልጥም።

ጠዋት የመቆፈሪያ ማሽኑን ዞሬ አየሁት። አራቱም እግሮቹ ጣውላው ላይ በደንብ ተቀምጠዋል። ዘይት አያፈስም። ቀጭኔ ከኋላዬ እየተከተለ እንደ ሐኪም "እስቲ ምላስህን አውጣ" ይለዋል ማሽኑን። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ያው አንድ ቀልድ። አሁንም እስቃለሁ፣ ምን ይደረግ።

ቀጭኔን ስሙን ያወጣለት ቁመቱ ነው። እኔ ካቢን ውስጥ ተቀምጬ እቆፍራለሁ፣ እሱ በግራዬ መሬት ላይ ቆሞ በእጁ ምልክት ይሰጠኛል። ከፍ፣ ዝቅ፣ ቁም። የኮንክሪት መኪናው ወደ ጉድጓዱ አፍ ሲያፈገፍግም የሚመራው እሱ ነው። ቀኝ እጁ ላይ ከሩቅ የሚያበራ ብርቱካንማ ጓንት ያደርጋል። በሁለት ዓመት ብቻ ያንሰኛል፣ ግን "ወንድም ጋሼ" ይለኛል፣ ለማሾፍ። በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም።

አዲስ የደህንነት ኃላፊ መጣችልን። ልጄ ልትሆን የምትችል። ሁላችንንም ሰብስባ አስተማረችን። መሰርሰሪያው ላይ የተጣበቀ ጭቃ ሲጠረግ ሞተሩ ይጠፋል፣ ቁልፉ ይነቀላል፣ ኦፕሬተሩ ከካቢን ወርዶ ቁልፉን ለሚጠርገው ሰው በእጁ ይሰጣል፣ ሰውየው ቁልፉን ኪሱ ከትቶ ይጠርጋል። ሲያወሩት ያምራል። በቀን ሃያ ጊዜ ልውጣ ልውረድ? ይኼ ጉልበት?

እኛ የምናደርገው ሌላ ነው። እዚህ ያለው አፈር ዋልካ ስለሆነ የመሰርሰሪያው ጠመዝማዛ ብረት ላይ እንደ ሙጫ ይጣበቃል። ብረቱን ከጉድጓዱ አውጥቼ በቀስታ አዞረዋለሁ፣ ቀጭኔ በአካፋ ይልጠዋል። ብረቱና ጭቃው ስለሚጋርደው አላየውም። ሲጨርስ "በቃ!" ይላል፣ አቆማለሁ። እንዲህ አድርገን ስንቱን ድልድይ አቁመናል።


ሐሙስ፣ ጥር 8

ቤት ውስጥ ኩርፊያ ነው። ባለቤቴ ሦስት ጊዜ ጠርታኝ ኖሯል። በግራዬ ተቀምጣ ነበር። "ጆሮ ዳባ ልበስ ብለህ ተቀመጥክ አይደል?" አለችኝ።

"ሰምቻለሁ፣ እያሰብኩ ነው" አልኩ። ውሸት። ምንም አልሰማሁም።

መቼ ጀመረኝ? አምና? ካቻምና? ስልክ በቀኝ ጆሮዬ ብቻ ካነሳሁ ቆይቷል። ግራው ፉጨት ነው፣ ጥቂት ውሃ እንደቀረው ማንቆርቆሪያ ቀኑን ሙሉ ያፏጫል። ሃያ ሁለት ዓመት ሞተር አጠገብ ተቀምጬ የጆሮ መከላከያውን አንገቴ ላይ እንደ ጌጥ ነው ያንጠለጠልኩት። ጆሮ ምን ይሆናል ብዬ... እዚህ ብቻ ልጻፈው። ለሌላ ሰው ግን አልናገርም።


ሰኞ፣ ጥር 12

ኃላፊዋ ካቢኑ ድረስ ወጣችና "ጋሼ፣ ጆሮዎን የተመረመሩት መቼ ነው?" አለችኝ። ደሜ ፈላ። ኦፕሬተሮች በሙሉ የካቲት ላይ እንደሚመረመሩ ነገረችኝ። እሺ አልኩ። ከወረደች በኋላ በሩን እንደ ሕፃን ደበደብኩት።

ብወድቅስ? ከዚህ ወንበር ሌላ የማውቀው ሥራ የለኝም። ልጄ ሁለተኛ ደረጃ አልጨረሰችም። በሃምሳ አንድ ዓመቴ አካፋ ልይዝ ነው?

ነገር በዓይን ይገባል ይባል የለ? ዓይኔ ጤና ነው። ከቀጭኔ ጋር የምንግባባው በእጅ ነው። ጆሮ ምን ያደርግልኛል?


ማክሰኞ፣ ጥር 13

ሁለት ጉድጓድ። ኃላፊዋ ስትቆም ቁልፉን ይዤ እወርዳለሁ። ስትሄድ በድሮው። ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ።


ዓርብ፣ ጥር 16



ከሰዓት ነው። ፀሐይ። የኮንክሪት መኪናዋ፣ ሚክሰሯ፣ ጭና ከመጣች ቆይታለች፣ በርሜሉ ይዞራል፣ በዚህ ሙቀት ብዙ አይጠብቅም፣ ይደርቃል። ሾፌሯ ጥሩምባ ነፋች። የነፋችውን እንኳ ያወቅኩት ቀጭኔ ጓንቱን አንስቶ "ትጠብቅ" ሲላት አይቼ ነው። ብረቱን አወጣሁ። ጭቃው እስከ ላይ ነው። ቀጭኔ አካፋውን ይዞ ከብረቱ ኋላ ገባ። በቀስታ አዞርኩ። "በቃ" እስኪለኝ እጠብቃለሁ። ጠበቅኩ... ዛሬ በዛበት ብዬ አሰብኩ። ጭቃው በዛበት ነው ያልኩት።

የካቢኑ በር ተበርግዶ የሾፌሯ ፊት መጣ። አፏ ይከፈታል፣ ይዘጋል። በላዬ ተንጠራርታ ቀዩን ማቆሚያ መታችው።

ወረድኩ። ቀጭኔ በጉልበቱ ነው። የሸሚዙ እጅጌ ብረቱ ላይ ተጠምጥሞ ክንዱን ወደ ላይ ይዞታል። በቢላ ቆርጠን አወጣነው። ቀኝ ክንዱ ሁለት ቦታ ተሰብሯል። ፊቱ አመድ መስሏል። አልጮኸም። ወይስ ጮኾ ነበር?


ቅዳሜ፣ ጥር 17

ሆስፒታል። ጣቶቹ ይንቀሳቀሳሉ፣ ተመስገን። እስከ ትከሻው ጀሶ ነው። ሲያየኝ "ወንድም ጋሼ፣ ዛሬ ለማን ልትታዘዝ ነው?" አለኝ። አንጀቴን በላው።

ኃላፊዋ ደብተሯን ይዛ ገባች። እንዴት እንደሆነ ጠየቀችው። ቀጭኔ ዓይኑን ጣሪያው ላይ ተክሎ ነገራት። "ሳልነግረው ነው የገባሁት" አላት። እኔ መኖሩን እንደማላውቅ። ብረቱን ዝም ብዬ እያዞርኩ እንደነበር። "አልጮኽኩምም። ድንጋጤ አፌን ያዘው። ጥፋቱ የኔ ነው።" ጻፈችው። እኔ እዚያው ቆሜአለሁ።

ደጅ ስወጣ የሚክሰሯ ሾፌር መግቢያው ጋ ቁጭ ብላለች። ፍራፍሬ ገዝታለት ነው የመጣችው። ቀጭኔ ለኃላፊዋ የነገራትን ነገርኳት። ቀና ብላ አየችኝ። "ጋሼ፣ ሦስት ጊዜ ጮኸ። እኔ ሞተሬ እየሠራ፣ መስኮቴ ተዘግቶ ሰማሁት" አለችኝ። ምን ብሎ እንደጮኸ አልለየችም። እሷን የጠየቋት ማሽኑን ማን አቆመው የሚለውን ብቻ ነው። "ከጠየቁኝ እናገራለሁ። ግን ቢቻል ከእርስዎ ቢወጣ" አለችና ገባች።

ሦስት ጊዜ።


ማክሰኞ፣ ጥር 20

ማሽኑ ቆሟል። ሳይቱ ላይ ከቢሮ የመጣ ወረቀት ተነበበ። ቀጭኔ አምና ከሚያፈገፍግ መኪና ኋላ ቆመሃል ተብሎ አንድ ማስጠንቀቂያ ነበረው። ይኼ ሁለተኛው ነው። ሳያስታውቅ የሚዞር ብረት አጠገብ የገባ ይሰናበታል። ኮሚቴው የሚቀጥለው ማክሰኞ ይወስናል። እኔ ላይ ምንም የለም። ንጹሕ ነኝ። ጠባቂው እንኳ "እንኳን አንተን አልነካህ" አለኝ።

አሥራ አራት ዓመት የሠራ ሰው ክንዱን ሰብሮ፣ ስሙን አጥፍቶ ሊወጣ ነው። ምክንያቱ የኔ ጆሮ። ይኼን ከእኔና ከሾፌሯ ሌላ የሚያውቅ የለም... እሱ ራሱ ያውቃል? ጮኾ እንዳልሰማሁት መቼም ያውቃል። ታዲያ ለምን?


ሐሙስ፣ ጥር 22

ብቻውን አገኘሁት። ሚስቱ ሾርባ ልታሞቅ ወጥታ ነበር። ለምን ዋሸህ አልኩት።

አልደነቀውም። ልጆቼ አድገዋል፣ ራሳቸውን ችለዋል አለኝ። ያንተዋ ገና ተማሪ ናት አለ። እኔ የትም ዘበኛ ሆኜ እቀጠራለሁ፣ አንተ ከወንበሩ ከወረድክ ምን ትሆናለህ አለ። ሁሉን ነገር አስቦ ጨርሶታል፣ ጉድጓድ ለክቶ እንደሚያስረክብ ሰው።

"ጆሮዬን ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅኸው?" አልኩት።

"ሁለት ዓመት። ጓንቱን ለምን የገዛሁ ይመስልሃል? ድምፄ እንደማይደርስህ ሳይ፣ ዓይንህስ ይያዘኝ ብዬ ነው።"

እኔ ለቄንጥ መስሎኝ ነበር። ስቄበት አውቃለሁ፣ ሙሽራ መሰልክ ብዬ።

ሌላስ ማን ያውቃል ስለው ሳቀ። ሁሉም። ዘበኛው ሳይቀር። ምሳ ሰዓት ላይ በግራዬ ተቀምጠው ያሙኛል ለካ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ማለት ይኼ ነው። አፈርኩ። ከዚያ ተናደድኩ። በማን እንደተናደድኩ ግን አላውቅም።

ግን ካወቀ... ሁለት ዓመት ሙሉ እያወቀ ከዚያ ብረት ኋላ ለምን ገባ? ልጠይቀው አፌን ስከፍት ሚስቱ ሾርባውን ይዛ ተመለሰች።

ማታ ራት ላይ ለባለቤቴ ነገርኳት። ሁሉንም። ታለቅሳለች ብዬ ነበር። ሳህኑን ገፋ አደረገችና ዞራ በቀኜ ተቀመጠች። ለካ እሷም ታውቃለች። "ወንበሩ ይቅር። እንጀራ አይጠፋም። እኔ ስፈራ የኖርኩት አንድ ቀን ሰው ገድለህ እንዳትመጣ ነው" አለችኝ።


ዓርብ፣ ጥር 23

ቢሮ እሄዳለሁ ብዬ ተነሳሁ። እስከ በሩ ደረስኩ። ተመለስኩ። ፈሪ ነኝ።


እሑድ፣ ጥር 25

ልጄ ሂሳብ ታጠናለች። አጠገቧ ተቀምጬ ስለ ወንበሩ ሳስብ ዋልኩ። ካቢን ውስጥ ስቀመጥ ሰው ነኝ። ሠላሳ ቶን ብረት በሁለት ጣት ይታዘዝልኛል። መሬት ላይ ስወርድ ጉልበቱን የሚያመው፣ ጆሮው የማይሰማ ሽማግሌ ነኝ። ለዚህ ነው። ዝም ያልኩት ለልጄ ነው እያልኩ ራሴን አታልል ነበር፣ ግማሹ ለዚህ ነው።


ማክሰኞ፣ ጥር 27

ተናገርኩ።

አራት ሆነው ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠዋል። ኃላፊዋ ጥግ ላይ። ቀጭኔ በጀሶው መጥቷል። እንደ ምስክር ነበር የጠሩኝ። ሥራ አስኪያጁ የቀጭኔን ቃል አንብቦ "ትክክል ነው?" አለኝ።

"ትክክል አይደለም" አልኩ። "ጮኾ ነበር። ሦስት ጊዜ። እኔ አልሰማሁም። ግራ ጆሮዬ አይሰማም፣ ከደበቅኩ ቆይቷል። እዚያ መግባቱንም አውቃለሁ፣ ሁልጊዜ ሞተር ሳናጠፋ ነው የምንጠርገው። ቁልፉን መንቀል የነበረብኝ እኔ ነኝ።"

ቀጭኔ ራሱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ኃላፊዋ መጻፏን አቆመች። ትቆጣለች ስል ዝቅ ባለ ድምፅ "ከመቼ ጀምሮ ነው ጋሼ?" አለችኝ። ከዚያ ድምፄ አልደረሳቸውም ብላ ነው መሰል ወንበሯን ወደ ቀኜ አምጥታ እንደገና ጠየቀችኝ። ያኔ ነው እንባዬ የመጣው። በስንት ሰው ፊት።

ሾፌሯን ጠርተው ጠየቋት። አረጋገጠች።

ውሳኔው፣ ቀጭኔ አይባረርም፣ በማስጠንቀቂያ ታልፏል። ክንዱ እስኪድን ደመወዙ አይቋረጥም። እኔ ከዛሬ ጀምሮ ማሽን አልነካም። ምርመራ፣ ከዚያ ይታያል። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ሃያ ሁለት ዓመት ከቀበቶዬ ጋር የኖረ ነገር... ስነሳ ወገቤ ቀለለኝ። ደስ የሚል ቅለት አይደለም።

ቀጭኔ ሳያናግረኝ ሄደ።


ረቡዕ፣ የካቲት 5

ተመረመርኩ። እንደ ሣጥን ያለች ጠባብ ክፍል ውስጥ አስገብተው ድምፅ ስትሰማ እጅህን አንሳ አሉኝ። እጄን ጭኔ ላይ አስቀምጬ ስጠብቅ ስጠብቅ ቆየሁ። ከመስታወቱ ማዶ ሐኪሙ ያየኛል። ግራው አልቋል። ቀኙ ግማሽ ቀርቶታል፣ ጠብቀው አለኝ። ወደ ወንበሩ መመለስ የለም።

ለቀኙ መርጃ መሣሪያ ሰጡኝ። ቤት ገብቼ ሳደርገው የቤታችን በር ለካ ይጮኻል። ቧንቧው ያንጠባጥባል። ባለቤቴ ሳህን ስታጥብ ስለኔ የምታጉረመርመውን ሁሉ ሰማሁ። "ሰምቼሻለሁ" አልኳት። "እንኳን ደስ ያለህ፣ ገና ምን ሰምተህ" አለች።


ቅዳሜ፣ የካቲት 15

ቀጭኔ መጣ። ከዚያ ቀን ወዲህ የመጀመሪያው ነው። ሁለት ጊዜ ቤቱ ሄጄ ተኝቷል ተብዬ ተመልሻለሁ። አልተኛም ነበር፣ አውቃለሁ።

ገብቶ ተቀመጠ። ባለቤቴ ሻይ አቀረበችና ልብስ ላሰጣ ብላ ወጣች። በኋላ "በሰው ፊት ውሸታም አደረግከኝ" አለኝ። አዎ አልኩት። "ክንዴን የሰጠሁት በከንቱ ሆነ" አለኝ። ክንድህን የሰጠኸው በኔ ስንፍና ነው፣ ይቅር በለኝ አልኩት። እስከ ዛሬ ይቅርታ እንዳልጠየቅኩት ያኔ ነው ትዝ ያለኝ። መጠየቅ የሚገባኝ የመጀመሪያውን ቀን ነበር።

ግራ እጁ ለመያዝ ስላልለመደ ሻዩን ደፋው። ልረዳው ስል ተወኝ አለ።

የሚከነክነኝን ጠየቅኩት። "ያን ቀን ምን ብለህ ነው የጮኽከው? በቃ ብለህ ነው?"

ራሱን ነቀነቀ። "መጀመሪያ በቃ አልኩ። እንዳልሰማኸኝ ሳውቅ ስምህን ጠራሁ። ሁለቴ። ሰው ስሙ ሲጠራ ይሰማል ብዬ።"

ሲወጣ እስከ መንገዱ ሸኘሁት።


ማክሰኞ፣ መጋቢት 2

ዛሬ ወደ ሥራ ተመለስኩ። መሬት ላይ።

ኃላፊዋ ናት ያመቻቸችው። ሥራዬ ጠዋት ማሽኑን መፈተሽ፣ የተቆፈረውን ጉድጓድ መክደን፣ መሰርሰሪያውን መጥረግ ነው። ሞተር ሲጠፋ ብቻ እንድቀርብ አስፈርማኛለች። ቀጭኔ ጀሶው ወርዶለት በግራ እጁ ምልክት ይሰጣል። ጓንቱን ወደ ግራ አዛውሮታል። ወንበሩ ላይ ከሌላ ሳይት የመጣ ኦፕሬተር ተቀምጧል፣ ጎበዝ ነው፣ እጁ ከኔ ይፈጥናል። ሲወጣና ሲቀመጥ አላየሁትም። ሆን ብዬ ዞርኩ።

ከመጀመሪያው ጉድጓድ በኋላ ሚክሰሯ መጥታ ትጠብቃለች። ብረቱ ከነጭቃው ወጣ። ኦፕሬተሩ በቀስታ አዞረውና በመስኮት ጥረግ አለኝ በእጁ። ካቢኑ ፊት ሄጄ ቆምኩ። ቁልፉን ነቅለህ ውረድ አልኩት። ሳቀ። ሁሉም ቦታ እንዲህ ነው የምንሠራው፣ ስትጨርስ ጩኽልኝ አለ። ኮንክሪቱ እየደረቀ ነው አለ። ሾፌሯን አየኋት። ሞተሯን ዝቅ አድርጋ እጇን አጣምራለች። እሷ አልቸኮለችም።

ሰው ሁሉ ሥራ አቁሞ ያየናል። ኃላፊዋ ሩቅ ናት።

"እኔ እዚያ ወንበር ላይ ነበርኩ" አልኩት። "ይኼ ሰውዬ ሦስት ጊዜ ጮኾ አልሰማሁትም። ጆሮዬ አይሰማም። ክንዱን እኔ ነኝ የሰበርኩት።"

እንዲህ በጩኸት። ስንት ዓመት የደበቅኩትን ለማላውቀው ሰው። ምድር አልተከፈተችም። ሰዎቹም አዲስ ነገር የሰሙ አይመስሉም።

ሰውየው ቀጭኔን አየ። ቀጭኔ ጓንት ያደረገ እጁን አንስቶ "አጥፋ" አለው፣ በምልክት። ሞተሩ ጠፋ። ኦፕሬተሩ ወርዶ ቁልፉን መዳፌ ላይ አደረገ። "ይቅርታ አባት" አለ። አባት...

አካፋውን ይዤ ከብረቱ ኋላ ገባሁ። በሃያ ሁለት ዓመት እዚህ ቦታ ቆሜ አላውቅም። ጭቃው ይከብዳል፣ ክንድ ይሰብራል። ላርፍ ብዬ ቀና ስል ወደ ካቢኑ አየሁ። ምንም አይታይም። ወንበሩም፣ መስኮቱም፣ ሰውየውም። ብረትና ጭቃ ብቻ። እኔ ከካቢኑ ቀጭኔን እንደማላየው አውቅ ነበር፣ እሱም እኔን እንደማያየኝ ግን አስቤው አላውቅም። ይኼ ሰው አሥራ አራት ዓመት እዚህ ሲቆም የተማመነው በአንድ ነገር፣ በጆሮዬ ነበር። ሁለቱን ዓመት ደግሞ እሱም እንደሌለ እያወቀ።

ቀጭኔ በጎን መጥቶ "ወንድም ጋሼ፣ ደከመህ እንዴ?" አለኝ። አልደከመኝም አልኩት። ቁልፉን በኪሴ ላይ ዳበስኩና መጥረጌን ቀጠልኩ።